በሂደት ላይ ነው

መኪናችን የተሰረቀችው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ቡሬ ጤና ጣቢያ በር ላይ ነው። ቡሬ ስል የኢሉባቦሩን ቡሬ ማለቴ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ለማያውቃት፦ ከአዲስ አበባ በጅማ ወይም በነቀምት በኩል በደሌን አልፋችሁ መቱ ስትደርሱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዛችኋል። ከመቱ ወደ ጎሬ፣ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ቡሬን ታገኛላችሁ። ድሮ እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ በነበራቸው ጊዜ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሮ ወንዝ የሚወርደው በዚሁ በኩል ነበር። ዛሬ የበቅሎውን ቦታ አይሱዙ ይዞታል። ቡናው ያው ነው፤ ዝናቡም ያው ነው።

አባቴ እዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሯል። ጡረታ ከወጣም በኋላ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ነው የሚለው። እኔ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ማታ ማታ ተጨማሪ ሥራ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ላይ እሱ የቡና ሽያጩን ጨመረበትና በ2014 አንድ ኮሮላ ገዛን። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ሊብሬው በእሱ ስም ወጣ፤ ሰሌዳዋ ኮድ 2 ኦሮ ሆነ። የተገዛችው ጉልበቱን ስለሚያመው ወደ ቡና ማሳው እንዲመላለስባት ነበር። በተግባር ግን የሰፈሩ ሁሉ መኪና ሆነች፤ የታመመ፣ ለቅሶ የሚሄድ፣ እህል የሚያስፈጭ የሚመጣው እኛ ቤት ነው።

ኢንሹራንሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ጓደኞቼም ስለሚሳሳቱበት። ብዙ ሰው መስታወቱ ላይ የምትለጠፈውን ወረቀት አይቶ «መኪናዬ ኢንሹራንስ አላት» ይላል። እሷ የሦስተኛ ወገን መድን ናት፤ በአዋጅ 799/2005 መሠረት ማንም ባለ መኪና ግዴታ የሚገባው። የምትሸፍነው መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ የምታደርሰውን ጉዳት ነው። መኪናችሁ ራሷ ብትሰረቅ አምስት ሳንቲም አታገኙባትም። ለስርቆት ሙሉ ሽፋን፣ ወይም ቢያንስ የእሳትና የስርቆት ሽፋን ለብቻው መግዛት አለባችሁ። እኔ ሙሉውን ገዛሁ፤ በ900 ሺህ ብር ግምት። አባቴ አረቦኑን ሲሰማ «በዚህ ብር እኮ ጊደር ይገዛል» አለኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት የጎረቤታችንን ልጅ ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። አባቴ እሷንና እናቷን ከኋላ አስቀምጦ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ነዳ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ፣ በአንድ በኩል እሱ በሌላ በኩል እናቷ ደግፈው አስገቧት። ሲመለስ መኪናዋ የለችም።

መጀመሪያ የተሰረቀች አልመሰለውም። ቡሬ ነዋ! ከድሮ ተማሪዎቹ አንዱ በር ዘግታ መቆሟን አይቶ ወደ ዛፉ ጥላ ያስጠጋለት ነው የመሰለው። ስለዚህ ወደ ፖሊስ ሳይሆን ጥላ ጥላውን እያየ ዞረ። ሻይ ቤቱን ጠየቀ፣ ወፍጮ ቤቱን ጠየቀ። አንድ ሰዓት እንዲህ አለፈ። በአንድ ሰዓት መኪና ወይ ወደ ጎሬ ወጥታለች፣ ወይ ወደ ጋምቤላ ወርዳለች።

ከሰዓት በኋላ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የነገረኝ «ወንድ ልጅ ወለደች» የሚለውን ነው። ስለ መኪናዋ የነገረኝ ከዚያ ቀጥሎ ነው።

በማግስቱ ለኩባንያው አሳወቅሁ፤ እነሱም የሚፈለገውን ዝርዝር ሰጡኝ። የፖሊስ ማስረጃ። ሊብሬ። መንጃ ፈቃድ። የእኔ ውክልና። የአሽከርካሪው መግለጫ፣ በራሱ እጅ የተጻፈ። ሊብሬው ላይ እግድ መጣሉን የሚገልጽ ደብዳቤ። እና መጨረሻው ላይ፦ «የተሽከርካሪው ሁለት ቁልፎች»።

ሁለት። ያለን አንድ ነው። ሌላው ከመኪናዋ ጋር ሄዷል።

ደወልኩለት። «አባዬ፣ አንደኛው ቁልፍ ድሮ ነው የጠፋው በል።»

«መቼ ጠፋ?»

«በቃ ጠፋ በላቸው። ማን ይመረምርሃል?»

ዝም አለ። ከዚያ «ለመሆኑ አንተን ማን ነው ያስተማረህ?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ያስተማረኝ ደግሞ እሱ ነው፤ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል፣ ሒሳብ።

መግለጫው በሳምንቱ በሰው እጅ ደረሰኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚጽፍባት ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፦ «ወላድ ይዤ ስለነበር ቁልፉን ሳልነቅል፣ ሞተሩንም ሳላጠፋ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ መኪናው አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማን ጠየቀው? ቅጹ ሁለት ቀን እኔ ጋ አደረ። ሌላ ባዶ ቅጽ ነበረኝ። ፊርማውንም አውቀዋለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ለሪፖርት ካርድ ተለማምጄው ነበር። በመጨረሻ የእሱን መግለጫ ከአንዱ ቁልፍ ጋር ፖስታ ውስጥ ከትተን፣ ታሽጎ ማኅተም ተመቶበት አስረከብኩ። ሕሊናዬ ከለከለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እሱን ነው የፈራሁት።

የፖሊስ ማስረጃው የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ስለነበር በአማርኛ ተተርጉሞ ይምጣ ተባለ። አስተረጎምኩ። ሁሉም በኅዳር መጨረሻ ተሟልቶ ገባ። የፋይል ቁጥር ተሰጠኝ፤ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ሳስገባ አንድ መስመር ይወጣል፦ «በሂደት ላይ»።

ታኅሣሥ ላይ ደወልኩ። «በሂደት ላይ ነው።» ጥር ላይ ደወልኩ። «በሂደት ላይ ነው ወንድሜ፣ ትንሽ ይታገሱን።» የካቲት ላይ በአካል ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። እኔ ቤቴ ሆኜ የማየውን ያንኑ መስመር ነው የምታየው። ትሑት ልጅ ናት፤ ውሸት አልነገረችኝም። ከእኔ የተለየ የምታውቀው ነገር የላትም፣ ያ ነው ችግሩ።

እምቢ የተባለ ሰው ይግባኝ ይላል። «ይህ ጎድሏል» የተባለ ሰው ሄዶ ያሟላል። «በሂደት ላይ ነው» የተባለ ሰው ግን ምን ያደርጋል? የሚከራከርበት ነገር የለውም። ያልተነገረህን ምክንያት ራስህ መፈለግ ትጀምራለህ፤ የምትፈልገው ደግሞ ቅርብህ ካለው ሰው ላይ ነው። እኛ ቤት ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። በአባቴ ጽሕፈት ተጽፎ ገብቷል፦ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ማንም እንዲህ አላለኝም። እኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ካሳ ክፍሉ ያቺን መስመር አንብቦ፣ ከሕግ ክፍሉ ጋር እየተማከረ፣ በምን ብለን እንከልክላቸው እያለ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቁጥሩን ባስገባሁ ቁጥር የሚታየኝ የአባቴ ጽሕፈት ነው።

ለፋሲካ ቡሬ ወረድኩ። እራት ላይ ወሬው እንደገና ወደ መኪናዋ ሄደ። «ያቺን መስመር ባትጽፋት ኖሮ ይሄኔ ተከፍሎን ነበር» አልኩት።

እናቴ እጇ ሌማቱ ላይ ቀረ። አባቴ ምንም አልመለሰም። የጀመረውን ጉርሻ ጨረሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስንገናኝ ስለ ካሳው ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ጤናዬ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ቡናው እናወራለን። ያንን እየዘለልን።

የጎረቤታችንም ነገር ነበር። የወላዷ እናት ለፋሲካ ማግስት አንድ ቁና ቡና ይዘው መጡ። «በኔ ልጅ ምክንያት ነው ቲቸር መኪና ያጡት» አሉ። እናቴ «ኧረ ምን በወጣዎት!» ብላ ብትለምናቸውም ቡናውን ጥለው ሄዱ። ልጅቷ ደግሞ እናቴ እንደነገረችኝ ሕፃኑን አዝላ በእኛ በር ማለፍ ትታ ነበር፤ በላይኛው መንገድ ትዞራለች። አንዲት በኮምፒውተር ላይ የተጻፈች ቃል ሁለት ቤተሰብ ውስጥ ገብታ እያንዳንዱን «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አሰኝታለች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በጥር ወር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለው ስለነበር የአሮጌ መኪና ዋጋ ቀድሞውኑ ሽቅብ ጀምሯል። ነሐሴ ላይ የእኛን የመሰለች ኮሮላ ስንት እንደምትባል ጠየቅሁ። 1 ሚሊዮን 400 ሺህ።

ያን ዕለት ሕግ የተማረ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ ያልሄድኩት ሕግ የክርክር ነገር ስለሚመስለኝ ነው፤ የሚከራከረኝ ደግሞ አልነበረም። ቡና እየጠጣን ሦስት ነገር ነገረኝ። ለሚያስፈልገው ሰው እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፣ የመድን ነገር እስካሁን የሚመራው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑ ክፍል አልተተካም። በዚያ ሕግ መሠረት መድን ሰጪው ሆን ተብሎ ለተደረገ ጉዳት አይከፍልም፤ በቸልተኝነት የመጣ ጉዳት ግን በዚያ ብቻ ከሽፋን አይወጣም። «ፖሊሲው ላይ ስለ ቁልፍ የተጻፈ ግዴታ ካለ ያከራክራል፤ ግን ያባትህ መስመር አንተ እንደምታስባት የሞት ፍርድ አይደለችም» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ካሳ የሚታሰበው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን በነበረው ዋጋ ነው። ማለትም የእኛ መኪና ዋጋ በኅዳር 2016 ላይ ቆሟል። ገበያው ግን አልቆመም። ክፍያው በዘገየ ቁጥር የሚጎዳው ተከፋዩ ነው፤ የሚያዘገየው ምንም አይጎድልበትም።

ሦስተኛው ቀጥ ብዬ እንድቀመጥ አደረገኝ። ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «በስልክ ‹በሂደት ላይ ነው› ስላሉህ ይርጋው ቆሞልኛል ብለህ እንዳትተኛ» አለኝ። «በጽሑፍ ጠይቅ። ገቢ አስደርገህ ቁጥር ተቀበል።»

አባቴ በአንድ ነገር ትክክል ነበር፤ ዘወትር «ደብዳቤ ያለ ግልባጭ በር የሌለው ቤት ነው» ይላል። ደብዳቤዬን ጻፍኩና ከሥር የመድን ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ ግልባጭ አልኩበት። የጠየቅሁት ገንዘብ አልነበረም። ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ፋይሉ በማን እጅ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ምን እየጠበቀ ነው?

ዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የነበሩት እናት ጡረታቸው የደረሰ ይመስላሉ። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እዚህ ያለው ጥያቄ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ትተው ከመደርደሪያው ወፍራም የወጪ መዝገብ አወረዱ፤ ጣታቸውን በምራቅ እያረጠቡ ገለጡ። ታኅሣሥ 2016 ላይ ቆሙ።

«ይኸው። ለምርመራ ወጪ ሆኗል። ለባሕር ዳር።»

«ለየት?»

«ለባሕር ዳር። ቡሬ አይደል?»

«ቡሬ... የኢሉባቦር።»

ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ ሳቅ መጣባቸው፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ውይ ልጄ» አሉ። «ውይ ልጄን።»

ፋይላችን ስምንት ወር ጎጃም ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ያኔ ግጭት ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታውጆ ነበር። በኋላ በስልክ ያገኘሁት የባሕር ዳሩ ባለሙያ ፋይሉ ላይ የተያያዘችውን ማስታወሻ አነበበልኝ፦ በፀጥታ ችግር ምክንያት ቡሬ ድረስ መሄድ ስላልተቻለ መንገዱ ሲከፈት ምርመራው ይካሄዳል። ሰውየው ሥራውን ሠርቷል። ረግጠናት ወደማናውቃት ከተማ የሚወስደው መንገድ እስኪከፈት ነበር የምንጠብቀው።

እንዴት ሆነ? ኦርጅናሉ የፖሊስ ማስረጃ ማኅተም ላይ ዞኑ ተጽፏል። ተርጓሚው ግን ማኅተሙን አልተረጎመውም፤ እንደ ልማዱ «ማኅተምና ፊርማ አለው» ብሎ አልፏል። ሰሌዳው ኦሮ ይላል፤ ልብ ያለው የለም። የካሳ መጠየቂያ ቅጹ ላይ ደግሞ «አድራሻ» በሚለው ባዶ ቦታ «ቡሬ» ተብሎ ብቻ ተሞልቷል። የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ለእኔ ቡሬ አንድ ናት፤ ሌላ ቡሬ እንዳለ ማስታወስ ለምን ያስፈልገኛል?

በሙያዬ የመጀመሪያ ዓመት ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ ስም መለያ አይደለም የሚል ነው። ሁለት ሰው አንድ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ዳታቤዝ ውስጥ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ትሰጣለህ። ይህን ለሰው አስረዳለሁ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የመጡ ልጆችን እጠይቅበታለሁ። አገሬን ግን በስሟ ብቻ ጻፍኳት።

ፋይሉ በመስከረም ተመለሰ። ፖስታው ውስጥ ቁልፍ ስላለበት ሲከፈት ቆሜ እንድፈርም ጠሩኝ። ያኔ ነው ያየሁት፦ ማኅተሙ አልተነካም። ኅዳር ላይ እንዳሸግነው ነው የተመለሰው። የአባቴን መግለጫ ያነበበ ሰው አልነበረም፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም። ያቺ መስመር አንድም ቀን አላዘገየችንም።

ከዚያው ሆኜ ደወልኩለት። «አባዬ፣ ፋይሉ ጎጃም ነበር» አልኩት። ምን እንደሆነ ሳስረዳው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አፋር ውስጥም፣ በአሰብ መንገድ ላይ ሌላ ቡሬ አለ እኮ» አለኝ፤ «እንኳን ወደዚያ አልሄደ።» መምህር ነው፣ ማስተማር አይተውም።

ሲረጋጋ ስለ ፋሲካው ይቅርታ ጠየቅሁት። ፖስታው እንደታሸገ መገኘቱን ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «እኔም እኮ እሷ መስመር ናት ብዬ ነበር።»

ይህን አልጠበቅሁም። ሰውየው በአቋሙ ኮርቶ ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ እውነቱን በመጻፌ ልጄን አከሰርኩት እያለ ነው በረንዳው ላይ ሲቀመጥ የከረመው። ስምንት ወር።

የቀረው ቀላል አልነበረም፤ ግን ስሙና መልኩ የሚታወቅ ነበር። ቡሬ ድረስ የመጣው መርማሪ መግለጫውን ይዞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ፣ ወላዷንና እናቷን አነጋገረ፣ ከፖሊሱ ማስረጃ ጋር አስተያየ። ሁሉም አንድ ነገር ስላሉ በአንድ ቀን ጨርሶ ሄደ። ቀጥሎ ስርቆቱ ተራ ስርቆት እንጂ ከፀጥታ ችግር ጋር የተያያዘ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጡ ተባልን፤ የፖለቲካ ሁከት የሚያደርሰው ጉዳት ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ስላለው። የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ሰው አባቴን «ቲቸር፣ ሌባውን ካልያዝነው ተራ ሌባ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉት። ተሳስቀው የሚያውቁትን ጻፉለት። የቁልፉም ነገር ኮሚቴ ውስጥ አከራክሯል፤ ሦስት ሳምንትና አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ ፈጅቷል። እውነት ዋጋ አላስከፈለችም አልልም፤ ያስከፈለችን ግን ሦስት ሳምንት ነው።

የካቲት 2017 ላይ ተቀናሹ ተነስቶ 810 ሺህ ብር ተከፈለን። በዚያ ሳምንት የእኛን የመሰለች ኮሮላ 1 ሚሊዮን ተኩል ትባል ነበር። የጎደለውን ማን ወሰደው? ማንም። ቀኑ ነው የወሰደው፤ ለቀኑ ደግሞ ተጠያቂ የለውም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ኩባንያውን ለመክሰስ አይደለም። ፖስታው በተከፈተ ማግስት ቢሮ ገብቼ የገዛ ሥራዬን ከፈትኩ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የሠራሁት የአገልግሎት ጥያቄ መከታተያ ነው፤ ከተለያየ ወረዳ የሚመጡ ሰዎች ማመልከቻ ያስገቡበታል። ሦስት ደረጃ ነው ያለው፦ «ገብቷል»፣ «በሂደት ላይ»፣ «ተጠናቋል»። ቃላቱን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝም። በሂደት ላይ ከስድስት ወር በላይ የቆዩትን ፈለግሁ። ዝርዝሩ በአንድ ገጽ አላለቀም። እያንዳንዱ መስመር ላይ ማን ቤት ውስጥ ምን እየተባለ እንደሆነ አላውቅም።

የወረዳ መምረጫውንም አየሁት። ቡሬ፣ ከሥሩ ቡሬ። ዞን የለው፣ ክልል የለው።

ወረዳውን በዚያው ቀን አስተካከልኩ። ሌላው ጊዜ ወሰደ። መዝገብ ቤት ያሉት እናት መዝገብ ላይ የነበሩትን ዓምዶች ነው የጨመርኩት፦ በማን እጅ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እየጠበቀ። አለቃዬ «ደንበኛው ይህን አልጠየቀም» አለኝ። ደንበኛው ራሱ ደግሞ የሠራተኛ ስም እንዳይወጣ አለ። ተደራድረን የክፍሉ ስምና ቀኑ እንዲታይ፣ ሠላሳ ቀን ያለፈው ማመልከቻ ለክፍሉ ኃላፊ እንዲታወቅ ሆነ። ትልቅ ነገር አይደለም። ቢያንስ አሁን ሰው ሲደውል መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የምትነግረው ነገር አላት።

የክፍያውን ሰነድ ይዤ ቡሬ የወረድኩት እኔ ነኝ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። መኪናዋ ወደፊት ብትገኝ ንብረትነቷ የኩባንያው ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። «እንግዲህ ብትገኝም የኛ አይደለችም ማለት ነው» አለ፤ ፈረመ። እናቴ የዚያኑ ቀን ከራሳችን ማሳ አንድ ቁና ቡና ሰፍራ ለጎረቤት መለሰች። ማታ ልጅቷ ሕፃኑን ይዛ መጣች። ሕፃን ማለት አይቻልም፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ያባርራል። የዓመት ከሦስት ወር ልጅ ነው።

ሌላ መኪና አልገዛንም። አባቴ በባጃጅ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ደህና ሲሆን በእግሩ። በማግስቱ ጠዋት አብረን ወደ ገበያ ስንወጣ በጤና ጣቢያው በር አለፍን። ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ አንገቱን ወደ ዛፉ ጥላ ዞር አደረገ።